«ውጤቱ ነፃ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የምውለው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራና አክታ እመረምራለሁ። ውጤቱን በመስኮት የማስረክበውም ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ሰው ወረቀቱን ሲቀበል እዚያው ቆሞ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ቀስት የተደረገበት መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቀጥ ይላል። «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል። «ለሐኪምዎ ያሳዩት» እላለሁ። አንዳንዱ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና በዋናው በር ውልቅ ይላል።

ይህን የምጽፈው በዋናው በር ለሚወጣው ሰው ነው። አንዱ «ምንም የለብኝም» ብሎ ቀልሎት ይወጣል። ሌላው «አለቀልኝ» ብሎ ጉልበቱ ከድቶት ይወጣል። ሁለቱም ተሳስተው ሊሆን ይችላል።

ሥራዬን እወደዋለሁ። ምርመራ ሰው ሲያተርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ከእጄ የወጣ ወረቀት ሐኪም ሳያየው ውሳኔ ሲሆን እጨነቃለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ምን መናገር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ልንገራችሁ።

ሙሉ ምርመራ የሚባል ነገር የለም

«ደሜን ሙሉ በሙሉ መርምሩልኝ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። ስሜቱ ይገባኛል፤ የሚፈልገው ዕረፍት ነው። ነገር ግን ቱቦ ውስጥ ያለ ደም በራሱ አይናገርም። የሚመልሰው ማዘዣው ላይ ምልክት የተደረገበትን ጥያቄ ብቻ ነው። «ሲቢሲ» የሚባለው ምርመራ የደም ሴሎችን ይቆጥራል፣ ሄሞግሎቢን ይለካል። ስለ ጉበት፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ስኳር ወይም ስለ ኤችአይቪ አንድም ነገር አይልም። ሆኖም በዚህ አንድ ምርመራ «ደሜን ታይቼ ነፃ ነኝ» ብሎ ዓመታት የሚኖር ሰው አለ።

የሽንት የእርግዝና ምርመራን ደግሞ ተመልከቱ። ያቺ ቀጭን ወረቀት የምትፈልገው አንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ካለ ሁለተኛው መስመር ይወጣል። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ይሁን የማህፀን ቱቦ ውስጥ ግን አታውቅም። ሁለቱም ቦታ ላይ መስመሩ ያው መስመር ነው። ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ እርግዝና ቱቦውን ቀድዶ ሆድ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ይገድላል። መስመሩን አይታ ደስ ያላት ሴት ከእምብርቷ በታች በአንድ ወገን ከጠዘጠዛት፣ ደም ካየች ወይም ካዞራት ወረቀቷ ምንም ልትነግራት አትችልም። በዚያው ሰዓት ሐኪምና አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል።

ሰዓቱ ካልደረሰ አይታይም

ምርመራ በሽታን የሚያየው በሽታው የሚታይ ምልክት ካስቀመጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኔጋቲቭ ነው። ይህ የማሽኑ ጥፋት አይደለም።

በብዛት የምንጠቀምበት ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመታገል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ነው። ሰውነት ይህን አምርቶ ለምርመራ እስኪበቃ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከተጋለጠ በሳምንቱ ተመርምሮ ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ስለዚያ ሳምንት ምንም አልተነገረውም። በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከተጋለጡ በኋላ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚያግዝ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። በማግስቱ መጥቶ «ኔጋቲቭ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው፣ ሐኪም ሳያናግር ያንን ዕድል አሳልፎት ሊሆን ይችላል።

ድንገተኛ የልብ ሕመምም (ሃርት አታክ) እንዲሁ ነው። የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣና ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ያፈስሳል። ፕሮቲኑ ደም ውስጥ እስኪጨምር ግን ሰዓታት ያልፋሉ። ሕመሙ በጀመረ በግማሽ ሰዓት ደም የሰጠ ሰው ውጤቱ ደህና ሊሆን ይችላል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢሲጂም፣ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሐኪሞች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ደም የሚወስዱት ለዚህ ነው።

የቲቢ ነገር ደግሞ ከዓይኔ ሥር የሚያልፍ ነው። አክታውን ስላይድ ላይ ቀብቼ፣ አድርቄ፣ ቀለም አደርግበትና ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠዋለሁ። በአንድ ጊዜ የሚታየኝ ክብ ቦታ፣ መስክ የምንለው፣ ሰማያዊ ነው። የምፈልገው ቀይ፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ በትር ነው። ኔጋቲቭ ነው ለማለት ቢያንስ 100 መስክ ማየት አለብኝ። አንገቴ እስኪደነዝዝ ባየውም ግን አንድ ገደብ አለ። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ባክቴሪያ ከሌለ በዚህ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል። ቲቢ ኖሮት አክታው ውስጥ ባክቴሪያው የሳሳ ሰው አለ። ሕፃናትና ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ጂንኤክስፐርት የተባለው ማሽን ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ስለሚያገኝ ትልቅ እፎይታ ሆኗል። እሱም ቢሆን ይስታል። በተቃራኒው ደግሞ የሞተ ባክቴሪያ ዘረመልንም ስለሚያነብ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ የዳነን ሰው ፖዘቲቭ ሊለው ይችላል። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አንቲቦዲ ያለፈውን ያስታውሳል

«ታይፎይድ አለብህ ተባልኩ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምታችሁ ይሆን? ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ያለው ዊዳል የተባለ ምርመራ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ዛሬም ይሠራበታል።

ችግሩ የሚፈልገው ነገር ላይ ነው። ዊዳልም የሚፈልገው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከሄደ በኋላም ይቆያል። ከዓመታት በፊት የታመመ፣ የተከተበ ወይም ሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያ የያዘው ሰው ደሙ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያተኮሰው ግን ወባ፣ የሳንባ ምች ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የታይፎይድ መድኃኒት ይጀምራል። እውነተኛው በሽታ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ጊዜ በተደረገ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ነው ብሎ መደምደም ልክ እንዳልሆነ የሕክምናው ዓለም ከተስማማ ቆይቷል። የተሻለው መንገድ ደም ወስዶ ባክቴሪያውን ማብቀል፣ ማለትም ካልቸር ነው። ካልቸርም ከ10 የታይፎይድ ታማሚዎች 4 ያህሉን ሊስት ይችላል። አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከተዋጠ ደግሞ የሚስተው ይበዛል። ስለዚህ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ «እስቲ ልመርመር» ብሎ መምጣት የምርመራውን ዓይን ማሰር ነው።

የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። በደም የሚደረገው አንቲቦዲ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በዚህ ሰበብ አንዱን መድኃኒት ሦስቴ የወሰደ ሰው አጋጥሞኛል። አሁን ባክቴሪያው መኖሩን የሚያሳየው የሰገራ ምርመራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። እነዚህም ቢሆኑ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ አራት ሳምንት ሳይወሰድ ቢደረጉ ነው የሚታመኑት። መድኃኒቱን ማቆም የሚቻል መሆኑን የሚወስነው ደግሞ ሐኪሙ ነው።

ፈጣን የወባ ምርመራም የራሱ ገጽታ አለው። የተለመደው ዓይነት የሚፈልገው የወባ ተሕዋስያኑ የሚለቅቀውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሰውየው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል፤ ስለዚህ የዳነ ሰው ፖዘቲቭ ይሆናል። በሌላ በኩል ፕሮቲኑን ጭራሽ የማያመርት የወባ ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ፔሩ ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ፤ በኋላ በአፍሪካ ቀንድ አገሮችም በብዛት ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ወባ የያዘው ሰው እየተንቀጠቀጠ ኔጋቲቭ ሊባል ይችላል።

አንድ ውጤት፣ ሁለት ትርጉም

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከባድ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ብትጽፉት ደግሞ ይበልጥ ይገባል።

ጥሩ የሚባል ምርመራ አለ እንበል። ከ10 በሽተኞች 9ኙን ያገኛል። ከ100 ጤነኞች ደግሞ 95ቱን በትክክል ነፃ ይላል፤ 5ቱን ያለ ጥፋታቸው ፖዘቲቭ ይላቸዋል። ምንም ያላመማቸው 1,000 ሰዎች በዚህ ምርመራ አለፉ። ከነሱ ውስጥ በሽታው ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው። ምርመራው 9ኙን ያገኛል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 50 ያህሉን ፖዘቲቭ ይላል። በጠቅላላው 59 ሰዎች «አለባችሁ» ተባሉ ማለት ነው። በእርግጥ ያለባቸው 9 ናቸው። ሃምሳው ሰው በከንቱ እንቅልፍ አጣ።

ያንኑ ምርመራ ሐኪም አይቶ «ይህ በሽታ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የላካቸው 1,000 ሰዎች ላይ እናድርገው። ከነሱ ግማሹ፣ ማለትም 500ው፣ በሽታው አለባቸው እንበል። ምርመራው 450ውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 25ቱን ብቻ በስህተት ይጨምራል። አሁን ፖዘቲቭ ከተባሉ 20 ሰዎች 19ኙ በእርግጥ ታመዋል። ኔጋቲቩን ግን ተመልከቱ። ነፃ ከተባሉት 525 ሰዎች ውስጥ 50ው በሽተኞች ናቸው። ከ10 አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ማሽኑ አልተቀየረም። ኬሚካሉ አልተቀየረም። የተቀየረው ከማሽኑ ፊት የተሰለፈው ሰው ነው። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ለሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው ታሪካችሁን የሰማ፣ ሰውነታችሁን የዳሰሰ ሰው ነው። እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ አላውቀውም።

ስለ ቀስቱም ልንገራችሁ፤ ያ ጣት የሚያስቆመው ቀስት። ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የሚጻፈው «ኖርማል» መጠን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጤነኛ ሰዎችን ለክቶ መሃል ላይ ያሉትን 95 በመቶ በመውሰድ ነው። የቀሩት 5 በመቶ ጤነኞች ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ከመስመሩ ውጭ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎችን በአንዴ ቢያደርግ ቢያንስ አንዱ ላይ ቀስት የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ሃያውም ደህና ቢሆኑለት ነው የሚገርመው። የተገላቢጦሹም አለ። ቁጥሩ ከመስመሩ ውስጥ ሆኖም ለእናንተ ልክ ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ሄሞግሎቢኑ ሁልጊዜ 16 የነበረ ወንድ ዛሬ 13.5 ቢያገኝ ቀስት ላይደረግበት ይችላል። ያ ሰው ግን የሆነ ቦታ ደም እየፈሰሰው ሊሆን ይችላል። የድሮ ውጤት የያዘ ሐኪም ነው ይህን የሚያየው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ በፊት ነው

በሙያችን የታወቀ ነገር ነው። አብዛኛው የላብራቶሪ ስህተት የሚፈጠረው ናሙናው ማሽን ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ክንድ ላይ ጎማ ይታሰራል። ደም ሥሩ አልታይ ይላል። «ጨብጥ፣ ክፈት፣ ጨብጥ» ይባላል። ጎማው ረዘም ላለ ጊዜ ታስሮ ይቆያል። በዚህ መሃል ከጡንቻው ፖታሲየም ወደ ደሙ ይወጣል። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ደግሞ ቀይ ሴሎች ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየምም ይቀላቀላል። ቱቦውን አሽከርክሬ ሳወጣው ላይኛው ፈሳሽ እንደ ገለባ ቢጫ መሆን ሲገባው ሮዝ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያን ናሙና ብሠራው ልብ ያቆማል የሚባል የፖታሲየም ቁጥር ይወጣል። ሰውየው ግን ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ነው። «እንደገና ደም ይስጡ» ስላችሁ እባካችሁ አትቆጡ።

አክታ አምጡ ሲባሉ ምራቅ የሚያመጡ ብዙ ናቸው። ምራቅ ውስጥ ቲቢ ብፈልግ አላገኝም። ለጾም ስኳር ምርመራ ጠዋት ሻይ ጠጥቶ መጥቶ ዝም የሚል አለ። በባዶ ሆድ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል፤ ግልጽ ምልክት የሌለው ሰው ላይ ግን ያም በሌላ ቀን መደገም አለበት። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ደግሞ የታይሮይድን (አንገት ላይ ያለች እጢ ናት) እና የትሮፖኒንን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ፤ ቫይታሚንም ሆነ የባህል መድኃኒት።

ብዙ ማየት ሁልጊዜ አይጠቅምም

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ብሔራዊ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ጀመረች። ታይሮይድ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ግን ሰዎች ትንሽ ጨምረው በመክፈል አንገታቸውን በአልትራሳውንድ መታየት ጀመሩ። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ተገኘባቸው የተባሉት ሰዎች መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ። በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ያ ሁሉ ሰው አዲስ ታሞ አልነበረም። አልትራሳውንዱ ያገኘው ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳያደርጋቸው ሊቀመጥ የሚችል ጥቃቅን እብጠት ነበር። አብዛኞቹ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። እጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ክኒን ይውጣል።

ወገብ ላይም ይኸው ነው። ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ወገባቸው ኤምአርአይ በተባለው የምስል ማሽን ሲታይ፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ፣ ከ80 ዓመት አዛውንት 96 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ አርጅቶ ይገኛል። «ዲስክህ ተበላሽቷል» የተባለ ሰው ጎንበስ ማለት ይፈራል፣ ሥራ ይተዋል። ፎቶው ላይ የታየው ግን የሕመሙ ምክንያት ላይሆን ይችላል።

ይህን ስል «አትመርመሩ» ማለቴ አይደለም። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ፣ የደም ግፊት መለካት፣ ነፍሰ ጡር ላይ የሚደረጉ ምርመራዎች ሕይወት ያተርፋሉ። ተመርጠው፣ በዕድሜያቸውና በጊዜያቸው ሲደረጉ።

ሐኪሙ የሚያደርገው እኔ የማላደርገው

እ.ኤ.አ. በ1975 ብሪታንያ ውስጥ አንድ ቀላል ጥናት ተደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ 80 ታካሚዎችን ወስደው፣ ለበሽታው መታወቅ የረዳው ምን እንደሆነ መዘገቡ። በ66ቱ ላይ የታካሚውን ታሪክ መስማት ብቻውን በቂ ነበር። በ7ቱ የአካል ምርመራው ረዳ። በ7ቱ ደግሞ ላብራቶሪው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሽን መጥቷል። እኔ ግን ይህን ቁጥር ባስታወስኩ ቁጥር ወረፋ ይዘው «ሐኪሙ ምንም ሳያደርግ ጠይቆኝ ብቻ ላከኝ» የሚሉትን አስባለሁ። ያ ጥያቄ ራሱ ዋናው ምርመራ ነበር።

ትርፍ አንጀት ላይ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሕመሙ ብዙውን ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል። ሐኪሙ እጁን አሙቆ ሆዱን በቀስታ ይጫናል። ከዚያ በድንገት ይለቃል። ሰውየው ሲጫኑት ሳይሆን ሲለቁት ፊቱ ይኮማተራል። ነጭ የደም ሴሉ ደህና ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንዱም አንጀቷን ላያገኛት ይችላል። እጁ ግን አግኝቷታል።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የአንድ ጎልማሳ ደም መጣልኝ። ትሮፖኒኑ ደህና ነበር። ሰውየው «ጋዝ ነው፣ ልሂድ» ይል ነበር። ሐኪሟ አልለቀቀችውም። ላቡን አይታለች፤ ሕመሙ ወደ መንጋጋውና ወደ ግራ ክንዱ እንደሚሄድ ሰምታለች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ቱቦ መጣ። ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ጨምሮ ነበር። ያን ወረቀት በመስኮት አልሰጠሁም፤ ሮጬ ወሰድኩት። እሷ ግን ገና ቀድማ ሕክምናውን አዘጋጅታ ነበር።

ስትሄዱ እነዚህን ያዙ። የድሮ ውጤቶቻችሁን በአንድ ፌስታል አስቀምጡና ይዛችሁ ሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ አሳዩ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያባብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው ተናገሩ፤ የሚያሳፍራችሁንም ጭምር። ከዚያ ጠይቁ፦ «ይህ ምርመራ ምን ለማወቅ ነው? ኔጋቲቭ ቢሆንስ ቀጥሎ ምን እናደርጋለን? በስንት ቀን ካልተሻለኝ ልመለስ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሱ። ነፃ ተብላችሁም ካልተሻላችሁ ተመለሱ፤ ሐኪም አይሰለቻችሁም፣ ቢሰለች እንኳ ተመለሱ።

ውጤት የማይጠበቅባቸው ነገሮችም አሉ። ደረትን የሚጨቁን ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ፊት ወደ አንድ ጎን መጣመም ወይም አንድ እጅና እግር መክዳት፣ አንገት የሚያደርቅ ትኩሳት፣ የማይቆም መድማት፣ ራስን መሳት፣ ጡት እምቢ ያለ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሕፃን። እነዚህን ይዛችሁ ወደ እኔ መስኮት አትምጡ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ደሙን እኛ እዚያው መጥተን እንወስዳለን።